በነፃ የመጣው ሶፍትዌር ዕዳው የማን ነው?

በዚህ ገጽ የምንዛሪ፣ የቡናና የሲሚንቶ ዋጋ መከታተል የለመደ አንባቢ «ሶፍትዌርን ከገበያ ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች ግን መልሱን በኪሳቸው ተምረውታል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2017 በሰርጎ ገቦች መዘረፉን ባስታወቀ በአሥር ቀን ውስጥ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ሦስተኛ ያህል ወረደ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ወሩ ሳያልቅ ከወንበራቸው ተነሱ። የተወሰደው የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ነበር። በ2019 በተደረሰው ስምምነትም ኩባንያው ቢያንስ 575 ሚሊዮን፣ ሲበዛ እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ሌቦቹ የገቡበት ቀዳዳ የነበረው ኩባንያው በነፃ ባገኘው ዕቃ ላይ ነው። አፓቺ ስትራትስ ይባላል፤ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ፣ ማንም ወስዶ የሚጠቀምበት ጥቅል ነው። የሚያስቆጨው ማስተካከያው በማርች 2017 መውጣቱ ነው፤ እሱም በነፃ። ዘራፊዎቹ መረጃውን ማውጣት የጀመሩት በሜይ ነበር። ሁለት ወር! ኩባንያው በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀዳዳውን ያልደፈነው ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን ጥቅሉ በየትኛው ማሽኑ ላይ እንዳለ በቅጡ አጣርቶ ባለማወቁ ነው።

ዛሬ የሶፍትዌር ኩባንያ ሥራውን ከዜሮ አይጀምርም። ባለሙያዎቹ ኦፕን ሶርስ የሚሏቸውን፣ ምንጫቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ጥቅሎች ይሰበስባል፤ የራሱን ይጨምርበታል፤ ስሙን ለጥፎ ይሸጣል። ይህ ነውር አይደለም። ግንበኛም ብሎኬቱን ራሱ አያመርትም። ሆኖም ብሎኬት አምራቹ ዋጋውን ይቀበላል፤ የነፃ ጥቅል ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ ከመደበኛ ሥራው ሲመለስ ማታ ማታ የሚጠግን ፈቃደኛ ሰው ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ችግር እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሁሉም የሚጠቀምበትን ነገር ለመጠገን ቀድሞ ኪሱን የሚከፍት አይገኝም። በ2014 «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ የተገኘበት ኦፕን ኤስኤስኤል በኢንተርኔት የሚተላለፍን ምስጢር የሚጠብቅ፣ ስመ ጥር ኩባንያዎች ሳይቀሩ የሚተማመኑበት ጥቅል ነበር። በመዋጮ የሚያገኘው ግን በዓመት 2,000 ዶላር ያህል ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን የሰጠውም አንድ ሰው ብቻ። ጉዳዩ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎችም ገንዘብ ለማዋጣት ተሽቀዳደሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

በዲሴምበር 2021 ደግሞ ተራው የሎግ ፎር ጄ ሆነ። የፕሮግራሞችን የሥራ መዝገብ የሚይዝ ጥቅል ነው። ቀዳዳው በአደጋ መለኪያው ከ10 አሥሩንም አገኘ። ጥቅሉ በሌላ ጥቅል ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ኩባንያዎች ይኑራቸው አይኑራቸው ለማወቅ እንኳ ፍለጋ ገቡ። በ2024 የተጋለጠው የኤክስዜድ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ጥቅሉን እያገዘ አመኔታ ካተረፈ በኋላ ሆን ብሎ ምስጢራዊ በር ከተተበት። የተያዘው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድረስ ፍሮይንድ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት አጠራጥሮት ሲመረምር ነው። የዓለም ገበያ በግማሽ ሰከንድ ተረፈ ቢባል ብዙ አያጋንንም።

«እንግዲያው ነፃውን ትቼ ከፍዬ እገዛለሁ» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ተከፍሎበት የሚገዛውም ውስጡ ያው ነው። ሎግ ፎር ጄ ከሲስኮና ከቪኤምዌር ምርቶች ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። ደግሞም ፍሮይንድ በሩን ሊያገኝ የቻለው ሥራው ለሁሉም ክፍት ስለነበረ ነው። እንደኔ አስተያየት ጥፋቱ ከነፃው ዕቃ ሳይሆን ነፃ ነው ብሎ የጥገናውን ወጪ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ካላሰፈረው ወገን ነው።

ወደ እኛ ገበያ እንምጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በእኛ አቆጣጠር በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ባንኩ ብቻ ሳይሆን አገናኝ ድርጅቱም የደንበኛን ገንዘብና ምስጢር በሶፍትዌር ይዟል። ሶፍትዌሩ ከእነዚህ ጥቅሎች ነፃ ነው ብሎ መገመት ያስቸግራል። ስለዚህ ገዢ በዋጋው ላይ ከሚከራከረው ጊዜ ጥቂቱን ቀንሶ ሻጩን ይጠይቅ። በውስጡ ያሉት ጥቅሎች ዝርዝር የታል? አዲስ ቀዳዳ ሲሰማ ማስተካከያው በስንት ቀን ውስጥ ይደርሰኛል? ካልደረሰስ ኪሳራውን ማን ይሸከማል?

ይህ ቅንጦት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ሕግ ሻጮች በምርታቸው ውስጥ ያለውን የሌላ ሰው ጥቅል ጭምር እንዲቆጣጠሩ ያስገድዳል፤ ዋና ዋናዎቹ ግዴታዎች የሚጸኑት ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ነው። ለአውሮፓ ገዢ ዝርዝሩን የሚያዘጋጅ ሻጭ ለአዲስ አበባው ገዢ ይቸግረኛል ሊል አይገባም። እምቢ ካለም ዋጋውን ይቀንስ፤ የተቀነሰው ለአደጋው መጠባበቂያ ይቀመጥ።