አሮጌው የማሚቶ መሣሪያ

ከገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይመጣለታል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ ገደሉ 34 ሜትር ቢርቅ መልሱ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ይደርሳል። ብልኆች ይህን የገደል ማሚቶ በሣጥን ውስጥ አኖሩት፤ ከእነዚህም አንዱ የጃፓኑ ሮላንድ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ስፔስ ኤኮ ነው። በውስጡ ክር ይዞራል፤ አንዱ ሄድ ድምፁን ይቀርጻል፥ ተራርቀው የቆሙት ሦስቱ ደግሞ ዘግይተው ያሰማሉ።

በሐዋሳ፥ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ፥ ከጎረቤቶቻችን ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ ነበረ። አባትየው በወጣትነታቸው ክራር ይጫወቱበት ነበር፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ክራሩንም ሣጥኑንም አልነኩም። አንድ ቀን ወንድ ልጃቸው ሣጥኑን ለቁራሌው ሊሸጥ ሲያወጣ እኅቱ፥ «አንድ ወር ታገሠኝ» ብላ ለመነችው።

ልጂቱ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ነቅላ፥ ሄዶቹንና ክሩን የሚስበውን የጎማ መንኰራኵር በአልኮል በነከረችው ጥጥ ጠረገች፤ ያለቀውንም ክር በአዲስ ለወጠች። የውስጡን ሽቦ ግን አልነካችም፤ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ሊቀርበት ስለሚችል ለባለሙያ ሰጠችው።

በመጀመሪያው ሙከራ ድምፁ እንደሚያለቅስ ሰው ተንቀጠቀጠ። ምክንያቱም ጎማው ገና ስላልጠራ ክሩን አጥብቆ አለመያዙ ነበር። ዳግመኛ ብትጠርገው ተስተካከለ።

ከዚያም ክራሩን አምጥታ፥ «አባዬ፥ እስቲ ይሞክሩት» አለች። እርሳቸውም ጥቂት አመንትተው ትዝታን ጀመሩ። ቢጣደፉ አዲሱና የቀደመው ድምፅ ተጋጩ፤ ኋላ ግን እጃቸው የጥንቱን አሠራር አስታወሰ፤ መትተው ይቈያሉ፥ ለመልሱ ስፍራ ይተዋሉ። ማሚቶ ለሚቸኩል ረብሻ፥ ለሚታገሥ ግን ጓደኛ ነውና። ልጁም ከደጃፍ ቆሞ አዳመጠ፤ ቁራሌው ሲያልፍ ቢጣራም አልመለሰለትም።

አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይጠበቅ አንልም። ነገር ግን ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የቀረጹት ካሴት ከብዙ ዘመን በኋላ በባሕር ዳር ተገኝቶ በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንደ ገና መታተሙን እናስታውሳለን። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዕቃን ከቤትህ ከማውጣትህ በፊት ምን ይሠራ እንደ ነበረ አረጋውያንህን ጠይቅ፤ ከጠየቅህም በኋላ መልሱን ለመስማት ቈይ።