«ሪዝቄ ነው» እያልን የምንበላው የሰው ሐቅ



ስልካችን ላይ መልእክት ይገባል። ከማናውቀው ሰው 3,000 ብር ተልኮልናል። ትንሽ ቆይቶ ይደወላል፦ «ወንድሜ፣ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ነው፤ ለእናቴ መድኃኒት ነበር።» እኛስ? ስልኩን እናጠፋለን። ማታ ለጓደኛችን «አላህ ሪዝቄን ካላሰብኩት ላከልኝ» እያልን እናወራለን። ሱብሓነላህ! መብላቱ ሳያንስ በአላህ እናሳብባለን?

ሪዝቅ መሆኑን በምን አወቅን? እጃችን የገባ ሁሉ የኛ ከሆነማ የአደራ ዕቃም የኛ፣ የተበደርነውም የኛ በሆነ ነበር። ሰውየው ሊሰጠን አላሰበም፤ እኛም የሸጥንለት ነገር የለም፤ ዘመዳችን ሆኖ አላወረሰንም። ታዲያ በየትኛው በር ገብቶ ነው ሐላል የሆነው?

ዕውቀት ያለን የሚመስለን ደግሞ የሉቀጣን ሕግ እንጠቅሳለን፤ የወደቀ ገንዘብ ያገኘ ሰው ዓመት አስነግሮ ባለቤቱ ካልመጣ ይጠቀምበታል እንላለን። ይህ ግን ባለቤቱ ለማይታወቅ ነው። የኛ ላኪ ስሙ መልእክቱ ላይ ተጽፏል፣ ራሱም ደውሎ ለምኖናል። ሉቀጣም ቢሆን እኮ የሚጀምረው ከማስነገር ነው እንጂ ስልክ ከማጥፋት አይደለም!

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የሆነውንም አንርሳ። የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን ተናገረ፤ ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ረመዳን ከገባ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ቀን ሐላሉን ውሃ ትተን የዋልን ሰዎች፣ «የወለድ ባንክ ስለሆነ ቢበላ ችግር የለውም» ሲባል ሰምተን ዝም አልን። አንዳንዶቻችንም ደገምነው።

ይህን የምንል ሰዎች ሂጅራን እንዴት ነው የተማርነው? የመካ ሙሽሪኮች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሊገድሉ ሲዶልቱ ገንዘባቸውን በአደራ ያስቀመጡት እርሳቸው ዘንድ ነበር። እርሳቸውም ወደ መዲና ሲሰደዱ ዐሊይን (ረ.ዐ) ከኋላ አስቀርተው አደራውን ለየባለቤቱ አስመለሱ። ቤታቸውን ሊያስጥሏቸው ለተነሱ ሰዎች! ለዚያ ሁሉ በደል ማካካሻ ነው ብለው አላስቀሩትም። እኛ ግን የባንኩን ወለድ ቆጥረን የሰው ገንዘብ ሐላል እናደርጋለን። በነገራችን ላይ፣ እዚያው ባንክ ውስጥ «ሲቢኢ ኑር» በሚለው ከወለድ ነፃ አገልግሎት ያስቀመጡ የኛው እናቶችና ነጋዴዎች አሉ።

«ከፊሉን ሰደቃ እሰጣለሁ» የምንልም አለን። በሌላ ሰው ብር ነው እንዴ አጅር የምንሸምተው?

እርግጥ አጭበርባሪውም በዝቷል። ብር ሳይገባ የሐሰት መልእክት ልኮ «መልስልኝ» የሚል አለ። ስለዚህ መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሒሳባችንን እንይ። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነ፣ ደዋዩ ወደሚነግረን ሌላ ቁጥር ሳይሆን ወደመጣበት ቁጥር እንመልስ፤ ካልተቻለ በድርጅቱ ቢሮ በኩል ይመለስ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለወራት ስልክ ላለማንሳት ሰበብ አይሆንም።

ያጠፋነው ካለ ደግሞ ዕዳችን ነው። ደውለን አውፍ እንበለው፣ «በዚህ ወር ይህን ያህል፣ በሚቀጥለው ይህን ያህል» ብለን እንስማማ። ቁጥሩ እንደሆነ አሁንም ስልካችን ውስጥ አለ።