ምስክሩ ጠረጴዛው ላይ ይቁም

እኛ ከሲሪንቃ፣ ከመርሳና ከወልዲያ የተነሣን ነን፤ ልጅ ለመዳር ዳስ የምንጥል ወላጆች፣ ቀን የቆረጥን እጮኛሞች፣ ሚዜዎች፣ ስፌት ሰፊዎች፣ አራሾች፣ የሠርግ ዲኮር ሠሪዎች። ይህን ቃል የምናወጣው ስለ አንዲት ስንዝር ቦታ ነው፤ ስለ ሠርግ ጠረጴዛ መሐል።

ቦታዋ ትንሽ ናት የሚለን ይኖራል። እንግዳ ግን እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ ጀምሮ መርቆ እስኪነሣ ድረስ ዓይኑ እየተመለሰ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው። ዛሬ እዚያ ምን ያያል? ከባሕር ማዶ የመጣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ለአንድ ቀን የተከራየ ረጅም ብርጭቆ። አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ በምትጠራ አገር፣ በሠርጋችን ሽታ የሌለው አበባ ይቆማል። ፊት ለፊት የተቀመጡት አዲስ አማቾችም በብርጭቆው ተጋርደው ሳይተያዩ ይውላሉ። ይህ ያሳዝነናል። ስለዚህ እንለውጠዋለን።

የምንተካው ሩቅ አይደለም። ሲሪንቃና መርሳ ባሉበት በሀብሩ ወረዳ ቆላ ማሽላ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ወራት ሲገባ ማሽላው ገና ከአውድማ መመለሱ ነው። ነጩ፣ ቀዩ፣ ቢጫው የማሽላ ራስ ከነአገዳው ደርቆ ቤታችን ውስጥ አለ። ውኃ አይፈልግም፣ አይጠወልግም። ጥንቅሽ እየመጠጥን፣ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እየጠበቅን ያደግንበት እህል ነው። እርሱን ትተን ነው የሚከራይ ጌጥ ፍለጋ የምንወጣው።

የዚህን እህል ክብር ዓለም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ማሽላ ሲፈትሹ፣ ሰውነት እጅግ በሚፈልገው ላይሲን በተባለው ንጥረ ነገር የላቁ ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ የሄዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ ግን ላብራቶሪ ሳያይ፣ እንዲህ ላሉት ማሽላዎቹ «ወተት በጉንጬ»፣ «ማር ጩቄ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። የፐርዱ ግኝት በተነገረበት ዘመን ወሎ በረሃብ እየረገፈ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ተመልሶ ሲመጣ ለዘር የተቀመጠው ሳይቀር ተበላ። ያን ጊዜ የዕፅዋት ዘር ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች ጋር ሆነው የአገሩ ዘር ወደ አገሩ ማሳ እንዲመለስ ደከሙ። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል። ዘር የጠፋበትን ዘመን ያየ ሕዝብ፣ በደስታው ቀን ዘርን ከጓዳ አውጥቶ ማክበር ይገባዋል እንላለን።

እዚሁ ደጃችን ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ዝናብ ለሚያጥረው መሬታችን የማሽላ ዝርያዎች አውጥቷል። አንዱ በጎረቤታችን ቀበሌ ስም ግራና-1 ይባላል። የሌላው ስም ምስክር ነው። ኒካሕ ሲታሰርም፣ ማዘጋጃ ቤት ሲፈረምም የመጀመሪያው ጥያቄ «ምስክር አለ ወይ?» የሚል ነው። አለ። ማሳችን ላይ ነው።

ስለዚህ ይህን እንደነግጋለን፦

1. በሠርግ ጠረጴዛችን መሐል የሚቆመው ነገር የሚበላ ወይም የሚዘራ ይሁን። ማሽላ ይቅደም። አሪቲና ጠጅ ሳር ለሽታ፣ በመስኖ የለማ ብርቱካንና ሎሚ ለቀለም ይጨመሩ።

2. ማስቀመጫው ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ሙዳይ ይሁን። ሙዳዩ በማሽላ ፍሬ ይሞላ፤ አገዳው ፍሬው ውስጥ ሲተከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። አበባ ሻጮች ግንድ የሚሰኩበት አረንጓዴ ስፖንጅ ፕላስቲክ ነው፤ ተፈርፍሮ አፈር ውስጥ ይቀራል። የለንደኑ የቼልሲ አበባ ትርኢት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከልክሎታል። እኛ እህሉን በእህል እናቆማለን።

3. ስፌት ጊዜ ይፈልጋል። ሽማግሌ በተላከ ሰሞን ሙዳዩ ይታዘዝ፤ ለሰፊዋ ቀብድ ይሰጣት፤ በዋጋ አትጨቅጭቋት።

4. የጌጡ ቁመት ከተቀመጠ ሰው አገጭ አይለፍ። ሁለት ቤተሰብ የሚተዋወቀው ፊት ለፊት ሲተያይ ነው።

5. በወሎ ሠርግ የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፤ ለየብቻ ይሠራል። ይህ የመከባበር ሥርዓታችን ነው፤ ይጠበቅ። ማሽላው ግን በሁለቱም ወገን ጠረጴዛ ላይ እኩል ይቁም፤ እርሱን የሚጾም የለም፣ እርሱን የሚከለክል የለም።

6. ለጌጥ ብሎ የሚበደር አይኑር። ማሽላ ያልያዘለት ደጋሽ ከጎረቤቱ ይሰጠው። ጠላ በመጥመቅ፣ ዳስ በመጣል እንደምንረዳዳ ሁሉ፣ ከየቤቱ አምስት አምስት ራስ ቢመጣ አዳራሹ ይሞላል።

7. ሠርጉ ሲያበቃ ጌጡ አይጣልም። በየጠረጴዛው የታላቁ ሰው ወይም የታላቂቱ ሴት እጅ ማሽላውን ይዞ ይመርቅ፤ ፍሬው ተሰብስቦ ለሙሽሮቹ ይሰጥ።

እናንተ ዲኮር የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ቃል እንጀራችሁን የሚነካ እንዳይመስላችሁ። ቀዩን ማሽላ ከነጩ የሚያስማማ ዓይን፣ ሙዳዩን ከጥልፉ የጠረጴዛ ልብስ ጋር የሚያዛምድ እጅ የእናንተ ነው። ከእኛ ጋር ሥሩ። ከከተማ ወጥታችሁ ገበሬውንና ሰፊዋን ተዋወቁ።

የሚታየን ይህ ነው። ክረምት ሲገባ አዲሶቹ ባልና ሚስት ያንን ሙዳይ ይዘው ማሳ ይወርዳሉ፤ ማሳ የሌላቸው ለወላጆቻቸው ይልኩታል። እንግዳ ያየው፣ ሽማግሌ የመረቀው ፍሬ አፈር ይገባል። በሚቀጥለው ጥር ከዚያ ማሳ የተቆረጠው ራስ የታናሽ እኅት ሠርግ ላይ ይቆማል። ጎረቤት ከጎረቤት እየተዋሰ፣ ከሲሪንቃ መርሳ፣ ከመርሳ ወልዲያ፣ የአንዱ ቤት ደስታ የሌላው ቤት ዘር ይሆናል።

ዘንድሮ የምትድሩ፣ ከአውድማው መልካም መልካሙን ራስ ለይታችሁ አስቀምጡ።