የፍጥነት ቁጥጥር ፍትሐዊነት፦ የመብራት ምልክቱ ማንን ይጠብቃል?

በአገራችን ዋና ዋና መንገዶች ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ አሽከርካሪ የፊት መብራቱን ደጋግሞ ብልጭ ካደረገ፣ መልእክቱ ለሥራ ባልደረቦቹ ግልጽ ነው። ወደፊት የትራፊክ ፖሊስ ወይም የፍጥነት መለኪያ ራዳር አለ ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ልማድ ላይ የስልክ ጥሪና የቴሌግራም መልእክት ተጨምሮበታል። በሌሎች አገሮች ደግሞ ራዳር መኖሩን አስቀድመው የሚያሳውቁ መሣሪያዎች ገበያ ላይ ይሸጣሉ። የማስጠንቀቂያው ዘዴ ይለያይ እንጂ የሚያስነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ መተጋገዝ ነው ወይስ ሕግን ማምለጫ? ቁጥጥሩ ራሱስ ፍትሐዊ ነውን?

መንገዱ የማን ነው?

ጉዳዩን ለመረዳት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘውን የማቻክል ወረዳ ዋና ከተማ አማኑኤልን መመልከት በቂ ነው። ረጅም ጉዞ ላይ ላለ አሽከርካሪ አማኑኤል የጥቂት ደቂቃ ማለፊያ ናት። ለነዋሪው ግን ያው አስፋልት የገበያ መንገድ፣ የተማሪ መመላለሻ፣ የባጃጅና የጋሪ መተላለፊያ፣ እህል የጫነ አህያ የሚነዳበት ጎዳና ነው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መስመር የሚገኙ ከተሞችም ተመሳሳይ ሁኔታ አላቸው። በአንዱ መንገድ ላይ ሁለት ፍላጎቶች ይገናኛሉ፤ ቶሎ መድረስና በሰላም መሻገር። የፍጥነት ወሰን የተደነገገው እነዚህን ሁለት ፍላጎቶች ለማስታረቅ ነው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ተሽከርካሪው እስኪቆም በድምሩ 13 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱ 60 ሲሆን ርቀቱ ወደ 36 ሜትር ይደርሳል። በ80 ደግሞ ከ55 ሜትር ይበልጣል። ጭነት የበዛበት ተሽከርካሪ፣ ያለቀ ጎማ ወይም እርጥብ መንገድ ሲጨመርበት ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። በአንጻሩ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚረዝም የከተማ መንገድን በ40 ፈንታ በ80 ማለፍ የሚያተርፈው ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በመንገድ ላይ የሚፈሰው ግን የሚለቀም አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በመኪና ፊት የሚገጭ እግረኛ የመሞት ዕድሉ የተሽከርካሪው ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ 4.5 ጊዜ ይጨምራል። ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በትራፊክ አደጋ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን ያጣሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶችም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው አደጋ ነው።

አሽከርካሪዎች የሚያነሡት ቅሬታ

በአገራችን የፍጥነት ወሰን በተሽከርካሪው ዓይነትና በመንገዱ ደረጃ ይለያያል። በ2003 ዓ.ም. የወጣውና በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 የተሻሻለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 በከተማ ክልል ውስጥ ለአነስተኛ ተሽከርካሪዎች የደነገገው ከፍተኛ ወሰን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነበር። ለከባድ ተሽከርካሪዎች የተቀመጠው ከዚህ ዝቅ ያለ ነው። ስለሆነም በአንድ መንገድ ላይ አንድ የቤት አውቶሞቢልና አንድ ከባድ የጭነት መኪና እኩል ፍጥነት ቢጓዙ፣ አንዱ ሕግ አክብሮ ሌላው ሊጥስ ይችላል።

የሕጉ ዓላማ ተቀባይነት ቢኖረውም፣ በአፈጻጸሙ ላይ ከአሽከርካሪዎች በተደጋጋሚ የሚነሡ ቅሬታዎች አሉ። የፍጥነት ወሰን ምልክት ባልተተከለበት ወይም በወደቀበት ቦታ ቅጣት ይጣላል፤ ራዳር ሰው በማይበዛበት ቁልቁለት ሥር ይቆማል፤ የተመዘገበው ፍጥነት ይታይልኝ ሲባል አይታይም፤ አንዱ በሕግ ሲቀጣ ሌላው በትውውቅ ወይም በእጅ መንሻ ያልፋል የሚሉት ይጠቀሳሉ። እነዚህ ቅሬታዎች በቸልታ ሊታለፉ አይገባም። ቅጣቱ ገቢ መሰብሰቢያ መስሎ የታየው አሽከርካሪ መብራት ብልጭ የሚያደርገው ሕጉን ጠልቶ ሳይሆን አፈጻጸሙን ባለማመን ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያው የማይደርሰው ማን ነው?

ይሁንና የመብራት ምልክቱ ለተነሣው ቅሬታ መፍትሔ አይሆንም። ምልክቱን ያየ አሽከርካሪ ራዳሩ እስኪታለፍ ለጥቂት መቶ ሜትሮች ይቀዘቅዝና መልሶ ነዳጅ ይሰጣል። ከራዳሩ አንድ ኪሎ ሜትር አልፎ መንገድ የምትሻገር ተማሪ ግን ማስጠንቀቂያ የሚሰጣት የለም። ምልክቱ ደግሞ ማን ከኋላ እንደሚመጣ አይለይም። ጠጥቶ የሚያሽከረክርም ሆነ ሰው ገጭቶ ያመለጠ፣ ፖሊስ መኖሩን እኩል ይረዳበታል።

የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው መንግሥታት ነገሩን የያዙት በተለያየ መንገድ ነው። ፈረንሳይ የራዳር መጠቆሚያ መሣሪያዎችን ከልክላለች። ጀርመንም አሽከርካሪ በጉዞ ላይ እንዳይጠቀምባቸው ትከለክላለች። በብሪታንያ ደግሞ ቋሚ የፍጥነት ካሜራዎች ከሩቅ እንዲታዩ ቢጫ ቀለም ይቀባሉ። ጣሊያን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈጣን መንገዶች ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት የሚለካ ሥርዓት ትጠቀማለች። በዚህ አሠራር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀዝቅዞ ማምለጥ አይቻልም።

ከእነዚህ ልምዶች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። መንግሥት ራሱ አስቀድሞ ለሁሉም በይፋ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ፍትሐዊነትን ያጠናክራል፤ ምክንያቱም እንዲቀዘቅዝ የሚፈለገው አደጋ ያለበትን ቦታ ለይቶ ነው። አሽከርካሪዎች እርስ በርስ የሚሰጣጡት ማስጠንቀቂያ ግን ፖሊስ ያለበትን ቦታ እንጂ አደጋ ያለበትን አይጠቁምም።

ፍትሐዊ ቁጥጥር ምን ይጠይቃል?

በመጀመሪያ ደረጃ ወሰኑ ከቅጣቱ በፊት መታወቅ አለበት። በከተማ መግቢያ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አካባቢ የሚታይ ምልክት መኖር የቁጥጥሩ መነሻ ነው። የመሣሪያው ልኬትም በየጊዜው በሥነ ልክ ባለሙያ ሊረጋገጥ ይገባል። ቅጣቱ በጽሑፍ ሆኖ ፍጥነቱን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ሲይዝ ለመቆጣጠርም ለመከራከርም ያመቻል። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ስለሚደነግግ፣ የታርጋ ዓይነት ወይም የባለንብረቱ ማንነት ልዩነት ሊፈጥር አይገባም።

ፖሊስ በሌለበት ቦታም የሚሠሩ ዘዴዎች አሉ። በሕዝብና በጭነት ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገጠም የፍጥነት መገደቢያ መሣሪያ ሌሊትና ቀን አይለይም፤ በመብራት ምልክትም አይታለልም። በከተማ መግቢያ ላይ በደረጃው የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም እንዲሁ።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በፍጥነት ጥፋት የተያዘ አሽከርካሪ የተመዘገበውን ፍጥነት እንዲያይ በትሕትና መጠየቅ፣ የቅጣት ወረቀቱን ከመቀበሉ በፊት ቦታውና ሰዓቱ በትክክል መሞላታቸውን ማየት፣ ክፍያውንም በሕጋዊ መንገድ ፈጽሞ ደረሰኝ መያዝ ይጠበቅበታል። ምልክት ያልነበረበትን ቦታ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከአቤቱታ ጋር ለሚመለከተው የትራፊክ ወይም የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ቅሬታውን በማስረጃ ያጠናክረዋል። በቂ ምላሽ ያላገኘ ተገልጋይ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። በመንገድ ላይ ለመደራደር ገንዘብ መስጠት ግን ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም በሙስና ወንጀል ያስጠይቃል።

እግረኞችና የከተማ ነዋሪዎችም የጉዳዩ ባለቤቶች ናቸው። ተሽከርካሪዎች በተደጋጋሚ በፍጥነት የሚያልፉበትን ቦታ፣ የወደቀ ምልክትን ወይም መሻገሪያ የሚያስፈልገውን የትምህርት ቤት በር ለወረዳቸው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ራዳር የት መቆም እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል። ራዳሩ አደጋ ባለበት ሲቆም አሽከርካሪው ለምን እንደተቀጣ ይረዳል፤ መንገድ የሚሻገረውም ሰው ሕጉ ለእርሱ መቆሙን በዓይኑ ያያል።