ቢሸጥስ ስንት ያወጣል?

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ መኪና ልገዛ መሆኔን ለዘመድ ወዳጅ ተናገርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መግዛት የግል ጉዳይ አይደለም፤ እንደ ጋብቻ ሁሉ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ታናሽ ወንድሜ መጣ፣ የባለቤቴ አጎት መጡ፣ ያልጠራነው ደላላም አብሮ መጣ።

“ምን ዓይነት ነው የምትፈልገው?” አሉኝ።

“ጣሪያው የሚከፈት፣ ያገለገለ፣ ርካሽ። እሑድ እሑድ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ነፋስ ተቀብዬ የምመለስበት።”

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች። በመጨረሻ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “እሺ፤ ቢሸጥስ ስንት ያወጣል?” አለ።

ልብ በሉልኝ፤ መኪናው ገና አልተገዛም። እኔ ስለመንዳት ሳወራ እሱ ሸጦ ጨርሷል።

ጠቤ ከወንድሜ ጋር አይደለም፤ ከጥያቄዋ ጋር ነው። ይህች ሦስት ቃል ያላት ጥያቄ ሕይወታችንን እየነዳችልን ነው። የመኪናችንን ቀለም የምትመርጥልን እሷ ናት፤ ነጭ ይሸጣል፣ ብርማ ይሸጣል፣ አረንጓዴ ግን “ገዢ ያጣል”። ሁላችንም ቪትዝና ኮሮላ ላይ የተረባረብነው ስለወደድናቸው ይመስላችኋል? ደላላው ስለወደዳቸው ነው። የወንበሩን ላስቲክ ሳንቀድ ሦስት ክረምት የምናሳልፈው፣ በራሳችን መኪና ውስጥ እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ የምንቀመጠው፣ ለማናውቀው ለወደፊቱ ገዢ ስንል ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ግን ከወለድናቸው ልጆች ይልቅ እናስብለታለን። ልጆቹማ ብስኩት እንዳያፈርሱ ተከልክለዋል።

ለፍርድ አልቸኩል። ጥያቄዋ የመጣችው ከስስት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረን። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ የተቀመጠች ብራችን እንደ በረዶ ሟሟች፤ በር ላይ የቆመችው መኪና ግን ዋጋዋ ጨመረ። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛው መኪናውን እንደ ቤት፣ እንደ ጡረታ፣ እንደ ልጅ ሠርግ ወጪ ቢያየው ሞኝ አይደለም። ቨርጂንያ የሚኖር የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ማዝዳ ሚያታ የምትባል፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሠራ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ክፍት መኪና አለችው። ያረጀችውን በርካሽ ገዝቶ፣ በበልግ ወራት የሸናንዶዋን ተራራ ጀርባ ይዞ የሚሄደውን 169 ኪሎ ሜትር መንገድ ጣሪያዋን ከፍቶ ይነዳባታል። እዚያ መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ ስለረከሰም ለደስታ ይሆናል። እዚህ ሲያረጅ ይወደዳል፤ ስለተወደደም ይታሠራል።

ምክንያቱ ግን ጉዳቱን አያስቀረውም። ዕቃ ባንክ ሲሆን ባለቤቱ ዘበኛ ይሆናል። ሌላው ቢቀር ስለ ደኅንነታችን እናስብ። ሊሸጥ የተዘጋጀ መኪና ላሜራው ያብረቀርቃል፤ የፍሬን ሸራው አልቋል። ገዢ ፍሬን አያይማ! ቀለም ነው የሚያየው። እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ግን ቀለም አያቆምም።

ሌላም አሳዛኝ ነገር አለ። በዚህ አገር ጣሪያ በሌለው መኪና የሚሄደው ሦስት ዓይነት ሰው ነው፤ ሙሽራ፣ ሜዳሊያ ይዞ የተመለሰ አትሌት፣ ከበግና ከጆንያ ጋር አይሱዙ ላይ የተጫነ ምስኪን። ሙሽርነቴ አልፏል፣ መሮጥ አልችልም፤ ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ለተራ ሰው፣ ለተራ እሑድ፣ ሰማይ አልተፈቀደም። ቋንቋችን ግን “ነፋስ መቀበል” የሚል ድንቅ አባባል አለው። እንግዳ እንደምንቀበል ነፋስን እንቀበላለን። መስታወቱን በጥቁር ላስቲክ ደፍኖ ነፋስ የሚቀበል ማነው? ወደዚህ አገር በ1900 ዓ.ም. የመጣችው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል፣ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ይዟት የመጣው ሲድሌ፣ ክፍት ነበረች። አፄ ምኒልክም ሲሳፈሩባት ቢሸጥ ስንት ታወጣለች ብለው የጠየቁ አይመስለኝም።

እንግዲህ ምክር ላይ ልምጣ፤ ብዙ ሰው በስልክ ስለጠየቀኝ ነው። ጣሪያው የሚከፈት ያገለገለ መኪና የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ መኪናው ሲሠራ ጀምሮ ክፍት ነበር ወይስ ላሜራ ቤት ነው የተቆረጠው? አብዛኛው የቤት መኪና ሻንሲ የለውም፤ ጣሪያው ራሱ አካሉን ይዞ የሚያቆም ምሰሶ ነው። ለሠርግ ኪራይ ብለው ጣሪያውን ቆርጠው የጣሉት መኪና ወገቡ የተሰበረ ሰው ማለት ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ አንዱን ጎማ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ አውጡትና በሮቹን ክፈቱ፣ ዝጉ። አልገጥም ካሉ ሻጩን አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። የጥንቷ ቮልስ ክፍት ሆና ከፋብሪካ ስትወጣ ጎንና ጎኗ በተጨማሪ ብረት ተጠናክሮ ነበር፤ የሰፈር ባትላሜራ ያንን አያደርግላችሁም። እንደ ሱዙኪና እንደ ላንድሮቨር ያሉት ሸራ ለባሾች ደግሞ ራሱን የቻለ ሻንሲ ስላላቸው ጣሪያ ባይኖራቸውም ግድ የለም። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን እዩ፤ ሸራ የሚያፈስ ከሆነ ክረምቱ ዝገቱን እዚያ ነው የሚደብቀው።

እኔ የገዛሁት 1,300 ሲሲ የሆነች ሸራ ለባሽ ሱዙኪ ነው። ስትወለድ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት። እንጦጦ ማርያም ግን ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ደጀ ሰላሙ ስንደርስ ከፈረሶቿ 40 ያህሉ ብቻ ናቸው አብረውን ያሉት። በመሪ ላይ ልቧ ሲደክም ይሰማኛል፤ የእኔም እንደዚያው ነው። ቁመቷ ረጅም፣ ወገቧ ጠባብ ስለሆነ ጥምዝ ላይ ጥድፊያ አትወድም። ስትወርዱ ፍሬን ላይ አትተኙ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ቀስ ብዬ ስለሄድኩ ነው። ደስታውም እዚያው ነው ያለው፤ ጠባብ መንገድ፣ ደካማ ሞተር፣ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ የሚሮጡ ልጆች ከጎናችሁ ሲያልፏችሁ። ዛሬ ከከተማ ርቆ መንዳት ልብ የሚያስፈራበት ጊዜ ነው፤ ደብረ ሊባኖስ ድረስ እንደዋዛ የምንሄድበት ዘመን እንደገና እስኪመጣ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለችው ይህች ዳገት የቀረችን ገጠር ናት።

“ጌታው፣ ሕዝቡ ለታክሲ ሰልፍ ቆሞ እርስዎ ስለ ሽርሽር ይጽፋሉ?” የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በተለይ እዚያ መንገድ ላይ። ስንቱ እናት ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ፣ ወገቧ ጎብጦ፣ ያንን ቁልቁለት ስትወርድ ኖራለች! በዚያ ጀርባ አጠገብ ነፋስ እየተቀበሉ ማለፍ ያሳፍራል። ግን እጠይቃለሁ፤ መስታወት ደፍኖ፣ ሙዚቃ ከፍቶ ማለፍስ ያንን ጀርባ ያቀናዋል? ዓይን መሸፈን ትሕትና አይደለም።

አንድ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ያርፋሉ። ቆምኩና ሰላም አልኳቸው። መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

“ምነው ልጄ፣ ጣሪያው ወደቀብህ?”

“ኧረ ሆን ብዬ ነው፣ እማማ።”

“ሆን ብለህ!” አሉና ከልባቸው ሳቁ።

ሸክሙን ላነሳው ሞክሬ አቃተኝ፤ አንድ ሯጭ ልጅ አግዞኝ ከኋላ ጫንነው። በሌላ የቤት መኪና የማይገባ ሸክም ነበር፤ ጣሪያ ስለሌላት ግን ቅጠሉ ወደ ሰማይ ቆሞ ሄደ። እማማም ነጠላቸውን አጥብቀው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ ግራ ቀኝ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ስም እየጠሩ ሰላም አሉ። ስንት ዓመት በጎበጠ ወገብ የወረዱትን መንገድ ቀና ብለው ሲያዩት ነበር። በማግስቱ በእግራቸው እንደሚመለሱ እኔም እሳቸውም እናውቃለን፤ ጽድቅ ሠራሁ አልልም። እንዲያው ደስታ የሀብታም ብቻ ነው ያለው ማነው ለማለት ነው።

ሱዙኪዋ ዛሬ ወንበሯ ላይ ባሕር ዛፍ ተፈርፍሮባታል፤ የኋላ ላሜራዋን ጭራሮ ጭሮታል። ወንድሜ ሲያያት ጭንቅላቱን ይዞ፣ “በቃ፤ አሁን ማንም አይገዛህም!” አለኝ።

እኔም ተመስገን አልኩ።