ካርዱ ሳይሞላ የቀረ እንደሆነ ዕዳው የማን ነው?

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ወደ አሊዩ አምባ ወርጄ ነበር። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ቀረጥ ይከፍልባት በነበረችው በዚህች የገበያ መንደር አክስቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራቸውን ከጨርቅ ፈትተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ዓመት በዓመት እከፍላለሁ፤ መድኃኒቱን ግን ከውጭ ይግዙ ይሉኛል» አሉ።

ለምን? አንድ የወረዳ ሹም ስጠይቀው መልሱ ፈጣን ነበር፦ «ነርሶቹ ካርድ አይሞሉማ!»

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ መድን አባሉን በነፃ ያሳክማል፤ ጤና ጣቢያው ወጪውን መዝግቦ ከመድን ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቃል። የበሽታው ስም ካልተጻፈ፣ የመድኃኒት ማዘዣው ከካርዱ ጋር ካልተመሳሰለ፣ ፊርማ ከጎደለ ክፍያው ሊቆረጥ ይችላል። የሚቆረጠው ደግሞ የመድኃኒት መግዣው ብር ነው። ባለሙያው ሲሳሳት የሚቀጣው ደብተር የያዘው ገበሬ ነው ማለት ነው!

ካርድ ባዶ የሚተው ነርስ የለም አልልም፤ ያልተጻፈ ካርድ ለሕክምናውም አደጋ ነው። ነገር ግን በይፋት ቆላ ባየሁት አንድ ጤና ጣቢያ ወባ የሚመረምረው፣ ቁስል የሚሰፋው፣ ሪፖርት የሚያዘጋጀው፣ የመድኑን ቅጽ የሚሞላውም ያው አንድ ጤና መኮንን ነው። የጤና መኮንንነት ሙያ እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲመሠረት ሐኪም በሌለበት ገጠር እንዲያክም ነበር እንጂ የሒሳብ ሹም እንዲሆን አልነበረም።

በአሜሪካም የአከፋፈሉ ጣጣ አለ። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን ነርስ ፕራክቲሽነር በራሷ ስም ላከመችው ከሐኪሙ ታሪፍ 85 በመቶ ይከፍላል፤ ሕጉ የሚያዘው ሲሟላና በሐኪሙ ስም ሲቀርብ ግን ሙሉውን። እነርሱ በዚህ ይጨቃጨቃሉ። ሒሳቡን ግን ለዚሁ የሠለጠነ ደመወዝተኛ ያዘጋጅላቸዋል።

እኛስ አንድ የመዝገብ ሠራተኛ መቅጠር አቅቶን ነውን? ጉድለት ያለበት ካርድ ምክንያቱ ተጽፎበት በሳምንት ውስጥ ለእርማት ቢመለስ ምን ይጎድላል? የባለሙያው ጥፋት ከሆነ በራሱ ይጠየቅ፤ የመድኃኒቱ ብር ስለ ምን ይነካል?

ይህን ስጽፍ ለአክስቴ ደወልሁ። የዘንድሮውን መዋጮ ከፍለዋል። መድኃኒቱን አሁንም ከውጭ ነው የሚገዙት።