«አበደች» ያሰኛት ሸክላ

የዛሬው ጨዋታችን ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ሙዚቃ ነው።

አንዲት የ23 ዓመት አንባቢያችን ደብዳቤ ጽፋልኛለች። እ.ኤ.አ. በ2022 «ስትሬንጀር ቲንግስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ የሰማችው «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» የተሰኘ ዘፈን ልቧን ወሰደው። ከዚያ የዘፋኟን የኬት ቡሽን የድሮ ሥራዎች አንድ በአንድ እየፈለገች ስታዳምጥ «ዘ ድሪሚንግ» ከሚባለው አልበም ደረሰች፤ እዚያው ቀረች። እጮኛዋ ግን አልበሙን «የእብድ ጩኸት» ነው የሚለው። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ከፍቶ «የኔዋ የምትሰማው ይሄንን ነው» እያለ አሳቃቸው። ከዚያ ወዲህ ተደብቃ ነው የምታዳምጠው። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ «እውነት የኔ ጆሮ ነው የተበላሸው?»

እህቴ፣ ጆሮሽ ደህና ነው። እጮኛሽም ቢሆን እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ይሄ ሸክላ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1982 ሲወጣ በገዛ አገሩ በእንግሊዝም ሰውን ለሁለት ከፍሎ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኬት ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1978 በ19 ዓመቷ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የሚለውን ዘፈን ይዛ ብቅ ስትል አራት ሳምንት አንደኛ ሆና ከረመች። ራሷ በደረሰችው ዘፈን በእንግሊዝ አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ታዲያ ሕዝቡ ምን ይጠብቅ? ያንኑ ቀጭን ድምፅና ያንኑ የፒያኖ ዜማ ነዋ!

እሷ ግን አራተኛ አልበሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ፕሮዲውስ አደረገችው። ፌርላይት የሚባል፣ ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ እንደ ፒያኖ በጣት የሚያስመታ መሣሪያ ነበራት፤ እንደ ልቧ ተጫወተችበት። ድምፅ በድምፅ ላይ ደራረበች። ስትፈልግ እንደ ኦፔራ ዘፋኝ ከፍ ትላለች፣ ስትፈልግ ትንሾካሾካለች፣ ስትፈልግ ትጮኻለች። በአንዱ ዘፈን ባንክ ለመዝረፍ የወጣች ጀማሪ ሌባ ናት፤ በሌላው አሜሪካዊ ወታደር የሚያደባ የቬትናም ተዋጊ ናት። «ሁዲኒ» በሚለው ደግሞ የዝነኛው አስማተኛ ሚስት ሆና ታለቅሳለች፤ ድምፇ እንዲሻክርላት ብላም ወተት ጠጥታ፣ ቸኮላት በልታ ነው የዘፈነችው። የመጨረሻው ዘፈን ጉድ ነው፤ እንደ አህያ እየተናፋ ያልቃል። እጮኛሽ የሳቀው እዚች ላይ ከሆነ አልፈርድበትም።

ከዚያስ? አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ፤ ቶሎ ግን ወረደ። ከሱ ተነጥለው የወጡት ነጠላ ዘፈኖችም ገበያው ከፋባቸው። በ1981 ቀድሞ የወጣው 11ኛ ሆኖ ነበር፤ የአልበሙን ስም የያዘው 48ኛ ላይ ቆመ፤ የባንክ ዘራፊዋ ዘፈንማ ከ75ቱ ተርታ እንኳ አልገባም። ሃያሲያኑ ተከፋፈሉ። ግማሹ ድፍረቷን አደነቀ፤ ግማሹ «በዛ፣ ተጨናነቀ፣ መተንፈሻ አጣን» አለ። እንደኔ እንደኔ ሁለተኞቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሸክላው ያደክማል። ምግብ እየሠሩ፣ ወሬ እያወሩ የሚሰማ አይደለም። ኋላ ላይ እሷ ራሷ ሰው «ይቺ ልጅ አበደች» ያለበት አልበሜ ብላ ቀልዳበታለች።

ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቀደም ሲል ደንታ ባልነበራት በአሜሪካ፣ ወደ 200ዎቹ ሠንጠረዥ መጀመሪያ የገባላት ይሄው «እብድ» የተባለው አልበም ነው፤ 157ኛ ሆኖ። እሷም ተስፋ ቆርጣ ወደ ድሮው ዜማዋ አልተመለሰችም። የራሷን ስቱዲዮ ሠርታ፣ ሰዓት የሚቆጥርባት ሳይኖር፣ በዚያው መሣሪያ ቀጠለች። በ1985 «ሃውንድስ ኦፍ ላቭ» ሲወጣ የማዶናን አልበም ከአንደኝነት አወረደው። አንቺን ያማለለሽ ዘፈን የዚያ አልበም ነው፤ በወጣ በ37 ዓመቱ ደግሞ በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ። ስለዚህ እጮኛሽ በሳቀበት ሸክላ ላይ ባትሞክር ኖሮ፣ እሱም የሚወደው ዘፈን ባልመጣ ይሆናል። ዛሬ ከቢዮርክ እስከ ራፐሩ ቢግ ቦይ ድረስ አድናቂዎቿ ናቸው። «ዘ ድሪሚንግ»ን ከሥራዎቿ ሁሉ የሚያስቀድም አድናቂም ሞልቷል።

አሁን ወደ ምክሩ። ወንድሜ፣ ይሄን የምታነብ ከሆነ፣ «አልገባኝም» ማለትና «እብደት ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው መብትህ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ይሰብራል። አንድ ማታ ሌላ ነገር ሳትነካካ አብረሃት ተቀመጥ፤ እያንዳንዱ ዘፈን የማን ታሪክ እንደሆነ ትንገርህ፤ ከዚያ ስማው። አሁንም ካልጣመህ ተወው። ሙዚቃ ዕዳ አይደለም።

አንቺም እህቴ፣ ሸክላውን የፍቅራችሁ መለኪያ አታድርጊው። ያልወደደውን ሁሉ ጆሮ እንደሌለው አትቁጠሪው፤ እንዲህ ያለው ኩራት አንዳንድ አድናቂዎችንም ይዟል፤ አያምርባቸውም። ዋናው ጥያቄ ኬት ቡሽን ወደደ አልወደደ አይደለም። የምትወጂውን ነገር ለጓደኞቹ መሳቂያ ማድረጉ ነው። ይሄንን ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ሳትቆጪ፣ በግልጽ ንገሪው፦ «አትውደደው፤ ግን አታስቅብኝ» በይው። «አጥፍቻለሁ» ካለሽ በመካከላችሁ ያለው የጣዕም ልዩነት ነው፤ በዚያ ደግሞ ትዳር አይፈርስም። ደግሞ ከሳቀ ግን፣ ነገ የሚስቀው በዘፈን ብቻ እንደማይሆን አስቢበት።

እስከዚያው መደበቁን ተዪው። በቤትሽ፣ በሰዓትሽ፣ ከፍ አድርገሽ አዳምጪ።

ሳምንት ያገናኘን።